ጦሙን ያደረው ማሳ

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ነበር። ስሙ አራጋው ይባላል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ሙሄም እንደ እሱው ያለው አንድ በሬ ነበር። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ተቀናጅተው ያርሱ ነበር። የአራጋው ቦራ በቀኝ፣ የሙሄ ዳለቻ በግራ ይጠመዳሉ፤ አንድ ሰሞን የአንዱ መሬት፣ ሌላ ሰሞን የሌላው ይታረሳል። አገሩ ወሎ ስለሆነ አራጋው ክርስቲያን፣ ሙሄ ሙስሊም መሆናቸው ለማንም ወሬ አልነበረም።

የሚቸገሩት በበዓል ብቻ ነው። እሑድና በማርያም ዕለት አራጋው ሞፈር አይነካም። ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ሙሄ በሬውን ፈትቶ ወደ መስጊድ ይሄዳል።

"አንተ በማርያም፣ እኔ በጁምዓ፤ ይኼ መሬት መቼ ሊታረስ ነው?" ይላል ሙሄ።

"የታደሉትስ በሬዎቹ ናቸው፤ የሁለታችንንም በዓል ያከብራሉ" ይለዋል አራጋው፤ ይስቁና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የበልግ ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የሚያርሱት የራሳቸውን መሬት ሳይሆን የዘነቡን ማሳ ነው። ዘነቡ ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤታቸው ናት። ባሏ ሰይድ በሕይወት ሳለ የሁለቱም ወዳጅ ነበር። ሲሞት ማንም ሳያዛቸው ማሳዋን ያርሱላት ጀመር፤ እሷም ንፍሮ ይዛላቸው ትወጣለች። ማሳዋ ከታረሰ ልጆቿ እንደምንም ዓመቱን ይከርማሉ። ካልታረሰ ግን ልጆቹን ለዘመድ መበተን ነው፤ ሌላ መውጫ የላትም። ይህን ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ።

ታዲያ በልጉ ሊገባ ሲል ከሩቅ አገር አንድ የጨው ነጋዴ ወደ ገበያቸው መጣ። አራጋውና ሙሄ አብረው ጨው ሲገዙ አየና የተለያየ ሃይማኖት እንዳላቸው ሲሰማ ፈገግ አለ።

"ተቀናጅታችሁ ታርሳላችሁ አሉ። ለመሆኑ ከሁለቱ ማን ይበልጣል? የእሱ ክርስቶስ ወይስ ያንተ ነቢይ?" አለ ወደ ሙሄ ዞሮ።

መልሱን እንኳ አልጠበቀም። ጨውን ሸጠ፣ አህያውን ጫነ፣ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም። የሚታረስ መሬት የለው፣ ዝናብ አያሳስበው፤ ጥያቄውን ጥሎ ወደሚቀጥለው ገበያ ያልፋል።

ጥያቄው ግን ሁለቱን ተከትሎ ቤታቸው ገባ። በማግስቱ ቀንበርና ማረሻ ሲያሰናዱ አራጋው አላስችል አለው።

"የዚያ ሰውዬ ነገር ከንክኖኛል፣ አያ ሙሄ። እውነቱን እንነጋገር ካልን የእኔ ጌታ መቃብሩ ባዶ ነው። ያንተው ነቢይ ግን እሱ እንደማንኛችንም ሞቶ ተቀብሯል።"

የሙሄ ፊት ተለዋወጠ። የከፋው ስለ መቃብሩ የተባለው አልነበረም፤ እሱንማ ራሱም የሚያምነው ነው። የከፋው "እሱ" መባሉ ነው።

"እሱ? እኩያህ ናቸው እንዴ? እኔ የእናንተን ዒሳን እንኳ አንድ ቀን እሱ ብያቸው አላውቅም። እሳቸው ነው የምላቸው።"

አሁን ደግሞ አራጋው ተቆጣ። "ጌታዬን እሳቸው? እንደ ጭቃ ሹም? አምላክ እኮ ነው፣ ሰውዬ። አቃለልከው።"

ሙሄ ክብር የሰጠ መስሎት ነበር። አራጋውም ጌታውን በሚጠራበት አንደበት የሙሄን ነቢይ ጠራ እንጂ መጀመሪያ ላይ መሳደቡ አልነበረም። ሰው አንዴ ሚዛን ከያዘ ግን የሚሰማው ሁሉ ጉድለት ይሆናል። አንዱ ስለ ትንሣኤ ሲያነሳ ሌላው ስለ ወሕይ፣ ለነቢዩ ከሰማይ ስለ ወረደው ቃል፣ ያነሳል፤ አንዱ የጌታውን ትዕግሥት ሲያወራ ሌላው የነቢዩን ፍትሕ ይተርካል። ማድነቃቸው ባልከፋ፤ ነገር ግን ሁለቱም የራሳቸውን ከፍ የሚያደርጉት የጎረቤታቸውን ዝቅ እያደረጉ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንዱ ቀንበሩን፣ አንዱ በሬውን ይዞ ተለያዩ።

ዝናቡ ጣለ። አራጋው ከእንግዲህ ከወገኔ ጋር እንጂ አላርስም ብሎ ከደምሌ ጋር ተቀናጀ። የደምሌ በሬም ለካ የቀኝ በሬ ነው። ሁለት የቀኝ በሬ አንድ ቀንበር ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም ወደለመዱት ጎን ይገፋሉ፤ ተጋፍተው ተጋፍተው ቀንበሩን ሰበሩት። ሙሄም ከአጎቱ ልጅ ከእንድሪስ ጋር ተቀናጀ። የእንድሪስ በሬ እንደ ዳለቻ የግራ በሬ ነበርና ትልሙ እባብ የሄደበት መስሎ ቀረ። በሬ የማንን እምነት እንደሚከተል የሚያውቅ የለም፤ የለመደውን ጎን ግን ያውቃል። ሁለቱም ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ገበሬዎች ናቸው። እልህ ያልጋረደው ዓይን የለም መሰለኝ።

የዘነቡን ማሳ ያስታወሰ አልነበረም ማለት አይቻልም። አስታውሰዋል። አራጋው "ባሏ ሙስሊም አልነበር? የእነሱ ናት፤ እነሱ ይረሱላት" አለ። ሙሄ ደግሞ "አባቷ ክርስቲያን ነው፤ እሷም እስከ ዛሬ ማርያምን ትዘክራለች፤ ወገኖቿ ይረሱላት" አለ። በዚህ መሃል ማሳው ጦሙን አደረ። በአንደኛው እምነትም ሆነ በሌላኛው የተጻፈ ጦም አይደለም።

ነገሩ መንደሩን ለሁለት ሊከፍል ሲል የአገሩ ሰዎች ሁለቱን ይመር በሚባሉ ሽማግሌ ፊት አቀረቧቸው። በዚያ አገር ይመር የሚባል ሰው ከክርስቲያንም ከሙስሊምም ቤት ይገኛልና ማንም በስማቸው አይጠረጥራቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የድንበር ጠብ ሲያበርዱ፣ ደም ሲያደርቁ፣ የተፋቱትን ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ደክሟቸዋል። ከዋርካው ሥር በትራቸውን ተደግፈው ተቀመጡና ሁለቱንም እስኪበቃቸው አስወሯቸው። በመሃል ያንቀላፉም ይመስሉ ነበር።

ሲጨርሱ ቀና አሉ።

"አራጋው፣ ስትጸልይ ጌታህን አንተ ነው አንቱ የምትለው?"

"አንተ ነው እንጂ፣ አባቴ። እሱን አንቱ ብሎ ማን ያርቀዋል?"

"ሙሄ፣ አንተስ ነቢይህን?"

"እሳቸው ነው የምንል። በምን ድፍረት ሌላ ይባላል?"

"እንግዲያውስ አንዳችሁ በቅርበት፣ አንዳችሁ በአክብሮት ነው የተናገራችሁት። ሁለታችሁም ቤታችሁ ያለውን ደህናውን ዕቃ ነው ያወጣችሁት። የሰማችሁት ግን ስድብ ነው።"

አራጋው መሬት መሬት አየ። "መጀመሪያ ላይ እንደሚሉት ነበር" አለ። "በኋላ በኋላ ግን እንደሚያመው እያወቅሁ ነው እሱ፣ እሱ ያልኩት።"

"እኔም አውቄ ነው" አለ ሙሄ።

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ይኼን ማለታችሁ ደግ። ድፍን ዓመት ሰው ሲዋሸኝ ነው የምውል።"

"ግን አባቴ፣ ማን ይበልጣል? ፍርዱን ይንገሩንና ይለይልን" አለ አራጋው።

"ልጄ፣ እኔ የወሰን ድንጋይ የት እንደነበር አጣርቼ እፈርዳለሁ። ሰማይ ላይ ወሰን አልተክልም። ደግሞም የየቤታችሁን መልስ ታውቁታላችሁ፤ ለዚህ እኔ ምን አደርግላችኋለሁ? ይልቅ አንድ ነገር ንገሩኝ። ጌታህ ባሏ የሞተባትን ሴት ሲያይ ምን አደረገ?"

አራጋው ድምፁ ለሰለሰ። አንዲት ባልቴት አንድ ልጇን ልትቀብር ስትወጣ ጌታ መንገድ ላይ እንዳገኛት፣ እንዳዘነላት፣ አታልቅሺ ብሎ ቃሬዛውን እንዳስቆመና ልጇን ከሞት አስነሥቶ እንደሰጣት ተረከ። ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ነቢይህስ፣ ሙሄ?"

ሙሄም ነቢዩ ራሳቸው አባታቸውን ሳያዩ የቲም ሆነው እንዳደጉ፣ ባል ለሞተባትና ለሚስኪን የሚለፋ ሰው ሌሊቱን ሲሰግድ ቀኑን ሲጾም እንደሚውል ሰው ነው እንዳሉ ተናገረ። የእሱም ድምፅ ተሰበረ።

ይኼኔ ከታች ከማሳው በኩል ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ዞረው አዩ። ዘነቡ በዶማ መሬቷን ትቆፍር ነበር። ሁለቱ ልጆቿ ከኋላዋ ጓሉን በእጃቸው ይሰብራሉ። የቆፈረችው ከጓሮ አይበልጥም።

ሽማግሌው ሰው ልከው አስጠሯት። መጥታ ቆመች። መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላዋለች።

"ዘነቡ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ከክርስቶስና ከነቢዩ ማን ይበልጣል ብለው ተጣልተዋል። ፍርዱ ከብዶኛል። አንቺ ምን ትያለሽ?"

ዘነቡ ቁጣ አልነበረባትም፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበትም አልተረፋት።

"እኔ ምኑን አውቄ፣ አባቴ" አለች። "እስከ አምና ሁለቱም ማሳዬ ላይ ነበሩ። ዘንድሮ አንዳቸውም አልመጡም።"

ይህን ተናግራ፣ ልጆቼ ብቻቸውን ናቸው ብላ ተመለሰች። ስለ ማን እንደተናገረች የጠየቃት የለም። ሽማግሌውም ጉባኤው ተፈቷል እንኳ ሳይሉ ተነሥተው ሄዱ።

በነጋታው ቦራና ዳለቻ ተጠመዱ። ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ቢያልቅልኝ ደስ ባለኝ ነበር። ግን የበልጉ ዝናብ አልፏል፤ መሬቱ ደርቆ ማረሻ አላስገባ አለ። ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ፣ ላባቸው ጠብ እያለ፣ የቻሉትን ያህል አረሱ። የበቀለውም ጥቂት ነበር። እነሱም ከየጎተራቸው ጨመሩላት፤ እልህ የራሳቸውንም አጎድሎት ነበርና ያው ጥቂት ነው። ትልቋ ልጅ አክስቷ ዘንድ ወደ ሩቅ አገር ተላከች። የሄደች ዕለት አራጋውና ሙሄ ጎን ለጎን ቆመው መንገዱን አዩ። አንዱ በጌታው ስም፣ አንዱ በአላህ ስም መረቋት። ቀና ብላም አላየቻቸው።

በዓመቱ የጨው ነጋዴው ተመልሶ መጣ። "እህ፣ የዚያ ነገር መጨረሻ ምን ሆነ? ማን በለጠ?" አላቸው እየሳቀ።

"ዝናቡ በለጠን" አለ ሙሄ። ጨውም ሳይገዙ ሄዱ፤ የዘነቡ ማሳ ይጠብቃቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው ደክሞኝ ነው። በየታክሲው፣ በየሰርጉ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የነጋዴው ጥያቄ ይነሳል፤ በየስልካችን ደግሞ ሌሊትም አያድርም። በእምነት መካከል ልዩነት የለም አልልም። አለ፤ ትልቅም ነው፤ ሰው የሚያምነውን አጥብቆ ቢይዝ ያምርበታል። ነገር ግን ጎረቤታችን እኛ የምናከብራቸውን የሚያያቸው በእኛ በኩል ነው። በቃል ስናበልጣቸው ውለን የሚወዱትን ሥራ ከተውን አበለጥናቸው ማለት አይደለም፤ ከማሳው ላይ ነው ያስወጣናቸው። እንዲህ ያለውን ክርክር ያሸነፈ ሰውም የታረሰ መሬት አላሳየኝም።

እስኪ አንተም አንቺም ለአፍታ ከክርክሩ ቀና በሉና አጥራችሁ ማዶ እዩ። "የእነሱ ናት" ተብላ ዘንድሮ ማንም ያላረሰላት ማን ናት?