የአምናው ጉድጓድ

ተረት ተረት፤ ከዝግባ ጥላ ሥር ዕረፍት።

ዝግባው ሁሉ አልቆ አንድ አሮጌ ዛፍ ብቻ በቀረበት አገር፣ አራዊቱ በየክረምቱ ደቦ ተጠራርተው የዝግባ ችግኝ ይተክሉ ነበር። ተክለው፣ ጨፍረው ይበተናሉ፤ በጋ ላይ ዞሮ የሚያይ የለም።

በሰባተኛው ክረምት ዝንጀሮ የደረቁትን ችግኞች እየነቀለ፣ «እሰይ፣ የአምናው ጉድጓድ አለልን! ዘንድሮ ሥራው ቀሏል» ብሎ ፈነደቀ።

ኤሊ ግን አልተነሣችም። በጋውን ሙሉ ከወንዝ በአፏ ውሃ ስታመላልስ ከርማ ያተረፈችው አንዲት ችግኝ ብቻ ነበር፤ ጉልበቷ ዝሎ ከችግኟ አጠገብ ተጋድማለች።

«እትዬ ኤሊ፣ ዘንድሮ ከደቦው ሊቀሩ ነው?» አላት ዝንጀሮ።

«እናንተ ቀጥሉ ልጄ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እኔ የአምናውን ገና ተክዬ አልጨረስኩም።»