የሚያብረቀርቀው ቀለህ

አንድ ባለሙያ በቆላ ገበያ ዳር ተቀምጦ፣ የተተኮሰ ቀለህ ባሩድና እርሳስ እየሞላ ዳግም ጥይት በማድረግ ይተዳደር ነበር። ስሙ ጠጋው ነው። የድሮ ጦር ሜዳ ጠመንጃዎች ጥይታቸው ከገበያ ጠፍቶ፣ አፋቸው ተለጉሞ በየግድግዳው ተሰቅለው በቀሩበት ዘመን፣ ድምፃቸውን የሚመልስላቸው እርሱ ብቻ ነበር።

ጠጋው ቀለህ የሚመርጠው በዓይኑ አልነበረም። የቀለሁ ናስ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፤ በተለጠጠ ቁጥርም ከመቀመጫው ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ሕመሙን ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም። ስለዚህ ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ በቀለሁ አፍ ሰድዶ ውስጡን ቀስ እያለ ይዳስሳል። ሽቦዋ ያለ እንቅፋት ከተንሸራተተች ቀለሁ ይሞላል፤ አንዳች ስርጉድ ከያዛት ግን በመዶሻ ተደፍጥጦ ይጣላል። ከዚህ ሥርዓት ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ የክርስትና አባቱ ባላምባራስ ደርሰህ እስከ መጡባት የገበያ ቀን ድረስ።

ባላምባራስ ግራ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። የሚያነጣጥሩትም፣ ዳዊት የሚደግሙትም በቀኙ ነበር። ከዝናራቸው ያወጧቸውን ቀለሆች በጠጋው ፊት ሲዘረጉ ገበያተኛው ተሰበሰበ፤ ለዓመታት በአመድና በሎሚ ሲታሹ የኖሩት ናሶች እንደ ወርቅ ያበሩ ነበርና።

«ሙላልኝ ልጄ፤ ከርከሮው በቆሎዬን ጨረሰው» አሉ።

ጠጋው ጥቀርሻ የለበሱ ቀለሆች ከጣሳ አውጥቶ አሳያቸው። «ባላምባራስ፣ እነዚህ አንዴ ብቻ የተተኮሱ ናቸው። መልካቸው አያምርም እንጂ ብርቱዎች ናቸው። እነዚህን ብሞላልዎስ?»

«ይህ ጥቀርሻ ከእኔ ምንሽር ሊገባ? ለዚያ ሙሽራ ከከሰል ቤት ትዳርለታለህ?»

ሰዉ ሳቀ። ጠጋውም ፈገግ ብሎ ከሚያብረቀርቁት አንዱን አነሣና ሽቦዋን ሰደደ።

«ደግሞ ምን ትፈልጋለህ? ሌባ ደብቄ መጣሁ?» አሉ ባላምባራስ።

«ይጠንቀቁ ጌታዬ!» አለ አንድ ጨው ነጋዴ፤ «ቀጥሎ አፍዎን ይክፈቱ ብሎ ጥርስዎን ይፈትሻል!»

ሣቁ እንደገና ፈነዳ። በዚያው ቅጽበት ሽቦዋ ያዘች፤ ጥፍር በተተለተለ ጨርቅ ላይ እንደሚይዝ ያዘች። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚለው የአበው ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ነገር ግን ከውኃው ያወጡትን፣ ስም ያወጡለትን አባት በገበያ መካከል፣ ያውም በጉድለታቸው፣ እንዴት ይመልሳቸው? ቃሉን ዋጠው።

«ታዲያስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ደህና ነው» አለ ጠጋው። የቀሩትንም ሳይዳስስ ሞላቸው።

በሦስተኛው ቀን ባላምባራስ ከበቆሎው ዳር አድፍጠው ቃታ ሳቡ። ቀለሁ ከመቀመጫው በላይ ተቀደደ፤ በአፈሙዙ መውጣት የነበረበት እሳትም በመዝጊያው ስንጥቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀኝ ዓይናቸውን በላው።

ጠጋው ሊጠይቃቸው ሲገባ ዓይናቸው በነጠላ ተጠምጥሞ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። በእግሩ ኮቴ ለዩት።

«ሽቦህ ያን ዕለት ምን አለችህ?»

«ይዛኝ ነበር፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«በሰው ፊት ላሳፍርዎ አልደፈርኩም።»

ባላምባራስ እጃቸውን በአየር ላይ እየዳበሱ ዘረጉለት።

«ክብሬንስ ጠብቀህልኛል፤ እግዜር ይስጥህ። በል አሁን ደጅ አውጣኝ። ፀሐይዋ ጠለቀች?»

ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ነበረች።

ወዳጆች ሆይ፣ ይሉኝታ መልካም ልብስ ነው፤ እውነት የተከፈነበት ቀን ግን ከመርዝ ይከፋል። ጠላት እውነቱን ባይነግረን ጉዳታችንን ሽቶ ይሆናል፤ ወዳጅ ባይነግረን ግን እኛን ሳይሆን በእኛ ፊት የሚኖረውን የራሱን ገጽታ ወዶ ነው። ጠጋው የጠበቀው የአባቱን ክብር መስሎት ነበር፤ ሲመረምረው ግን ከገበያተኛው ሣቅ የሸሸገው ራሱን ሆኖ አገኘው። ይህንም ያወቀው ጸጸት ከመማሪያነት አልፎ ዕዳ በሆነበት ሰዓት ነው።

እርስዎስ? እጅዎ ዳስሶ ያገኘውን ስንጥቅ፣ የሚያከብሩት ሰው እንዳይከፋ ብለው «ደህና ነው» ያሉት ለማን ነው? ያ ሰው ዛሬም ያያልን?