ስሟን የተናገረችው ፈረስ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ዛር ያለባት። አባ ነብሮ የሚባል ዛር ነበር የሚሰፍርባት። አንቺ የወንድሜ ልጅ፣ «አክስቴ፣ ወንድሞቼ የአባታችንን መሬት ያለ እኔ ሊካፈሉት ነው፤ ዛር ቢይዘኝ ኖሮ ይሰሙኝ ነበር ወይ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው የምነግርሽ። እንግዲህ ሳትቸኩዪ ስሚኝ።

ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት ነበረች። በአገሩ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ዛሩ ስለሚጋልባት «የአባ ነብሮ ፈረስ» ነበር የሚሏት። ከበሮው ተመትቶ ጭብጨባው ሲደምቅ ነጠላዋን ከራሷ እስከ ጉልበቷ ተሸፋፍና ታጓራለች፤ አንገቷ ይሽከረከራል፣ ድምጿ ይጎረንናል፣ ራሷን ትስታለች። ማስመሰል ነው የሚል ካለ ያን ጊዜ መጥቶ ባየ። «ማን መጣ?» ይሏታል። «አባ ነብሮ» ትላለች። ይሄኔ ዳኛው ሳይቀር ከመቀመጫው ይነሳል። አባ ነብሮ ሚስቱን የሚደበድበውን በስሙ ጠርቶ ያዋርዳል፣ የድሃ ድንበር የገፋውን «መልስ» ይላል፤ ይመለሳልም። ራሷን ስታውቅ ግን ማን ዞር ብሎ ያያታል? በሰርግ ቤት እንኳ መቀመጫ የሚለቅላት አልነበረም። እሷም ለምዳው «እሱ እስከተሰማ ድረስ እኔ ምን አጣሁ?» ትል ነበር።

ታዲያ አንድ ሀብታም ሰው የመንደሩን ምንጭ በእሾህ አጥሮ ውሃውን ወደ ሎሚ ተክሉ አዞረው። ሴቱ ሁሉ ገደል እየወረደ ከወንዝ መቅዳት ጀመረ። የሴትዮዋ ልጅ እርጉዝ ነበረች፤ የመውለጃዋ ወር ገብቶ እንኳ እንስራ አዝላ ያንን ገደል ትወርዳለች። አንድ ቀን አዳልጧት ወደቀች፤ ጉልበቷ ቆስሎ፣ እንስራዋ ተሰብሮ መጣች። እናቷ ቁስሉን አጠበችላት። ሀብታሙ ዘንድ ሄዳ እንዳትናገር ደግሞ እሷ ማን ናት? አባ ነብሮ ይናገርልኝ አለች።

ከበሮ ተመታ። አባ ነብሮ ሰፈረባትና «ምንጩን ክፈት» ብሎ ሀብታሙ ላይ አጓራ። ሀብታሙ ግን ወግ አዋቂ ነበር። ዛር ሲቆጣ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ይለመናል፣ ይገበርለታል፣ ይታረቃል። ተንበርክኮ «ጌታዬ፣ ምን ላቅርብ?» አለ። ግንባረ ቦቃ በግ አቀረበ፣ ሽቶ አርከፈከፈ፣ የሐር ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠመጠመ። ዛር የተገበረለትን ከተቀበለ ቁጣው ያበቃል፤ ወጉ ነው። አባ ነብሮም ተቀበለና ሄደ።

ሴትዮዋ ስትነቃ የምታስታውሰው ነገር አልነበረም። «ምን አልኩ?» ብላ ጠየቀች። ነገሯት። ሻርፑን ዳሰሰችው። የልጇ ጉልበት እንደቆሰለ ነው፣ ምንጩ እንደታጠረ ነው፣ የእሷ አፍ ግን በአንድ በግ ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ንዴት ተናዳ አታውቅም፤ በሀብታሙ ብቻ አይደለም፣ በራሷም ጭምር።

ሀብታሙ ነገሩ የተሳካለት መስሎት፣ በሳምንቱ በጠራራ ፀሐይ ድግስ ደግሶ አገሩን ጠራ፤ አባ ነብሮ በሰው ሁሉ ፊት እንዲመርቀው። ከበሮው ተመታ። ነጠላዋን ተሸፋፍና ተቀመጠች። ጭብጨባው ሲደምቅ ደሟ ሞቀ፣ አንገቷ ልዙር ልዙር አላት። ጥርሷን ነከሰች፤ ሁለት እጇን መሬት ላይ ተክላ ራሷን ያዘች። የዛር ጉልበት እንዲህ በቀላሉ የሚገታ እንዳይመስልሽ፤ ላቧ በጀርባዋ ወረደ። እሷ ግን አልለቀቀችለትም።

«ማን መጣ?» አሉ።

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «ሽታዬ ነኝ» አለች፣ በገዛ ድምጿ። «የገላጋይ ልጅ ሽታዬ። ምንጩን ክፈት።»

ከበሮው ቆመ። ሀብታሙ ግራ ቢገባው ከልማዱ «ጌታዬ፣ ምን ላቅርብ?» አለ።

«ጌታህ አልመጣም። እኔ በግ አይታረድልኝም፣ ሽቶም አይረጭልኝም። ልጄ ከደጇ ውሃ ትቅዳ።» ሻርፑን አጥፋ እግሩ ስር አስቀመጠችለት።

«እከስሻለሁ» አላት።

«ስሜን ነግሬሃለሁ፤ ክሰሰኝ።»

አየሽ፣ ዛርን መለማመኛ ወግ አለ፤ ሽታዬን መለማመኛ ግን አልነበረም። ሰውዬው የሚሰጣት አጣ። ከበሮ መቺዋ አሮጊት ከበሮዋን ብብቷ ስር አድርጋ ተነሳች፤ ሌላውም ሥጋውን ሳይነካ ተከትሏት ወጣ። ለአባ ነብሮ ይነሳ የነበረው ዳኛ ለሽታዬ ተነስቶ መንገድ ለቀቀላት። በማግስቱ አጥሩን ያነሳው ሀብታሙ ራሱ ነው። የልጅ ልጇ ሲወለድም ገላው የታጠበው በዚያው ውሃ ነው። እስከ ዛሬ የሽታዬ ምንጭ ይሉታል፤ የአባ ነብሮ አይሉትም። እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር አንገቴ ቀና ይላል፤ ምን ላድርግ።

እና አንቺ ልጄ፣ ዛር ቢይዝሽ ወንድሞችሽ ይሰሙሻል፤ አልዋሽሽም። ደንግጠው ቀሚስ ይገዙልሻል፣ ሽቶ ይረጩልሻል፣ ከዚያ መሬቱን ይካፈላሉ። ሀብታሙ እነሱ ናቸው፣ በጉ ቀሚሱ ነው፣ ምንጩ የአባትሽ መሬት ነው። ዛር ጭብጨባው ሲያበቃ ይሄዳል፤ አንቺ ግን እዚያው ነሽ። እሁድ ወንድሞችሽ ለክፍፍሉ ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ ነጠላሽን ከፊትሽ አውርደሽ ግቢ። «ማን መጣ?» ሲሉሽ የምትመልሺውን ታውቂያለሽ።