የቦራን ጅራት ማን ይያዝ

ተረቴ ከወንዝ ወጣች፣ ጭቃ ነክቷት መጣች። ነጭ የለበሰ ራቅ ይበል፣ መስማት የወደደ ጠጋ ይበል።

አንጓች የምትባል ጌሾ ነጋዴ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆሙት ሁለት ሆነው ነው፤ አንዷ ራሷ አንጓች፣ ሌላዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት አህያዋ ቦራ። ቦራ ትሸከማለች፣ አንጓች ትሸጣለች፤ ከሁለቱ አንዷ ከጎደለች ቤት የሚባል ነገር የለም። ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ወንዝ ሲሻገሩ ቦራ ዳር ላይ ካለው ጭቃ ገባችና እስከ ሆዷ ሰመጠች። አንጓች ጭነቱን አወረደች፣ ጆሮዋን ይዛ ጎተተች፣ ለመነቻት፣ ሰደበቻት፣ መልሳ ለመነቻት። አህያ የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሰመጠች አህያ የምትወጣው አንድ ሰው ከፊት ጆሮዋን፣ አንድ ሰው ከኋላ ጅራቷን ይዞ ሲያነሳት ነው። የጆሮ ሰው አለ፤ የጎደለው የጅራት ሰው ነው። ከላይ ደግሞ ተራራው ጠቁሮ ያጉረመርማል። ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ነው፣ ከመጣም ቦራን ይወስዳታል።

ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ሰውማ ሞልቷል። ከወንዙ ዳር ሾላው ሥር አራት ገበያተኞች አርፈው ያያሉ፤ ያውም በሐዘኔታ፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። ከንፈር መምጠጥ አህያ ቢያወጣ ኖሮ ቦራ ይሄኔ ገበያ ደርሳለች።

አንጓች መጀመሪያ የሄደችው ወደ አዝማሪው ሙላቴ ነው፤ ጎረምሳ ነው፣ ጉልበት አለው ብላ። ማሲንቆህን አስቀምጥና ጅራቷን ያዝልኝ አለችው። ሙላቴ አልከፋባትም፣ እንዲያውም አዘነላት። ነገር ግን አጠገቡ ባሻ ውቤ አሉ፣ ታላቁ ናቸው። ታላቅ ቆሞ እያየ ታናሽ ቀድሞ እጅጌውን ቢሰበስብ ምን ይባላል? ባሻ የማር ቅላቸውን ካወረዱ እኔም አስቀምጣለሁ አላት።

ሄደች ወደ ባሻ ውቤ። ባሻ የጥንት ወታደር ናቸው፣ ዛሬ ማር ይሸጣሉ። ባሻዬ ቅልዎን ያውርዱ፤ ባሻ ካላወረዱ አዝማሪው አያስቀምጥም፣ አዝማሪው ካላስቀመጠ ጅራት አይያዝም፣ ጅራት ካልተያዘ ቦራ አትወጣም፣ ደራሹ ግን ይመጣል አለቻቸው። ባሻም አዘኑ። ነገር ግን እዚህ ሾላ ሥር መሪጌታ ጥበቡ አሉ፣ የተማሩ ናቸው። መሃይም ቀድሞ ቢነሳ የተማረውን ሰው ማሳፈር አይሆንም? መሪጌታ ካባቸውን ካወለቁ እኔም አወርዳለሁ አሏት።

ሄደች ወደ መሪጌታ ጥበቡ። መሪጌታ ካባዎን ያውልቁ፤ መሪጌታ ካላወለቁ ባሻ አያወርዱም፣ ባሻ ካላወረዱ አዝማሪው አያስቀምጥም፣ አዝማሪው ካላስቀመጠ ጅራት አይያዝም፣ ጅራት ካልተያዘ ቦራ አትወጣም፣ ደራሹ ግን ይመጣል አለቻቸው። መሪጌታ ማዘናቸውን በግዕዝም በአማርኛም ነገሯት። ነገር ግን ዳኛው ግራዝማች አስናቀ በበቅሏቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሹመት አላቸው። ሹም ሳይነቃነቅ እንዴት ቀድሜ እነቃነቃለሁ? ግራዝማች ከበቅሎ ከወረዱ እኔም አወልቃለሁ አሏት።

እንዲህ ነው የእኛ ሰው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጨዋነት በዝቶበት ነው። በር ላይ ሲገናኝ «ይቅደሙ»፣ ማዕድ ላይ ሲቀርብ «ይቅደሙ»፣ እነሆ አሁን ጭቃ ላይም «ይቅደሙ»። ወንዙ ብቻ ነው ማንንም ይቅደሙ የማይል። ያን ጊዜ ውሃው ደፍርሶ ከቦራ ሆድ ወደ ጎኗ ወጥቷል።

አንጓች እየሮጠች ከግራዝማች ፊት ቆመች። ግራዝማች ሰው አክባሪ ዳኛ ናቸው፤ አንድ ጉድለታቸው ጥላ ሥር እንኳ ከበቅሎ አለመውረዳቸው ነው። ጌታዬ ይውረዱ፤ ግራዝማች ካልወረዱ መሪጌታ አያወልቁም፣ መሪጌታ ካላወለቁ ባሻ አያወርዱም፣ ባሻ ካላወረዱ አዝማሪው አያስቀምጥም፣ አዝማሪው ካላስቀመጠ ጅራት አይያዝም፣ ጅራት ካልተያዘ ቦራ አትወጣም፣ ደራሹ ግን ይመጣል አለች፤ ትንፋሿ እዚህ ላይ አለቀ።

ግራዝማች ጢማቸውን ዳሰሱ። ዳኛ የሚነሳው ከሳሽ ሲነሳ ነው፣ እዚህ ደግሞ ከሳሽም ተከሳሽም አላየሁም፣ እግዜር ያውጣልሽ አሉና በቅሏቸውን ኮረኮሩ።

አንጓች ዕንባዋ መጣ። ዞር ብላ ቦራን አየች፤ ቦራም ጆሮዋን አቁማ እሷን ታያለች። ያን ጊዜ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች፣ እጇን ዘረጋች።

«በሕግ አምላክ ይቁሙ» አለች።

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው የሚሄድ ውሃ ይቆማል ይባላል። ውሃው አልቆመም፣ ሕግ አልተማረም። ግራዝማች ግን ቀጥ አሉ፤ በቅሎዋም ቀጥ አለች።

ማንን ትከሻለሽ ብለው ጠየቋት።

«ጭቃውን አልከስም፣ ወንዙንም አልከስም። እየቻለ፣ እያየ የቆመውን ነው የምከሰው። ይፍረዱልኝ።»

ሙግት ከሚበሉት ምሳ ይበልጥባቸዋልና የግራዝማች ዓይን በራ። መሪጌታን ጠየቁ፤ መሪጌታም አይቶ ማለፍ ኃጢአት መሆኑን ደስ እያላቸው አስረዱ። ባሻን ጠየቁ፤ ባሻም በጦር ሰፈር ሳሉ ጩኸት ሰምቶ ያልደረሰ ወታደር ይገረፍ እንደነበር መሰከሩ። አዝማሪው ሳይጠየቅ ማሲንቆውን ቃኘና፣

ምን አለው ነውሩ የቦራ ጅራቷ፣
ሰው ሞልቶ በዳሩ ታየ መሞቷ

አለ። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ።

«እየቻለ፣ እያየ ያልደረሰ ሰው፣ አህያይቱ ብትሞት እሱ እንደገደላት ይቆጠራል። መጀመሪያ ያየ መጀመሪያ ይግባ።»

አንጓች እጅ ነሳች። ቀና ስትል አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ከእነዚህ ሁሉ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ከሁሉ ቀድሞ ያየ ማን ነው ጌታዬ?»

ግራዝማች ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። ከእሳቸው ከፍ ያለ ሾላው ብቻ ነው፣ ሾላ ደግሞ አይከሰስም። ፊታቸው ቀላ። ግን እውነቱን እንናገር፤ በፈረዱት የማይሸሹ ዳኛ ነበሩ።

ወረዱ። ግራዝማች ሲወርዱ መሪጌታ ካባ አወለቁ፣ መሪጌታ ሲያወልቁ ባሻ ቅል አወረዱ፣ ባሻ ሲያወርዱ አዝማሪው ማሲንቆ አስቀመጠ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጭቃው ውስጥ ገቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ አንድ ጅራት ግን ለአራት ሰው ጠብ ነው። እኔ ልያዝ እኔ ልያዝ ተባባሉ። በመጨረሻ ጅራቱ በፍርድ ለግራዝማች ደረሰ፣ መሪጌታና ባሻ ጎንና ጎኗን ደገፉ፣ አዝማሪው ከአንጓች ጋር ጆሮና ጆሮዋን ያዘ፣ አንሱ ሲባል አነሱ። ቦራ ተፈናጥራ ወጣች። ወጥታም ገላዋን አራገፈች፤ ነጭ ለብሶ የመጣ ሁሉ ቡሬ ሆነ። አንጓች አንገቷን አቅፋ ሳቀችም አለቀሰችም።

አዝማሪው ወጣ፣ ባሻ ወጡ፣ መሪጌታ ወጡ። ግራዝማች ግን ከኋላ ነበሩና እስከ ጉልበታቸው ሰምጠው ቀሩ። ደራሹ ከመታጠፊያው ብቅ ብሎ እያገሳ ነው። ሦስቱ ዳር ላይ ተያዩ፤ የሹም እጅ ማን ቀድሞ ይይዛል? ባሻ መሪጌታን ይቅደሙ አሉ፣ መሪጌታ ባሻን ይቅደሙ አሉ። ግራዝማች ጨነቃቸውና አፋቸውን ከፈቱ፤ «በሕግ» አሉ።

«አምላክ» ገና ከአፋቸው ሳይወጣ አንጓች ዘላ ገብታ ዝናራቸውን ይዛለች። ባንድ ጉተታ ዳር ላይ ጣለቻቸው፤ ደራሹም የቆሙበትን ቦታ ጠርጎት አለፈ።

ግራዝማች ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ በሕግ አምላክ ብዬ ሳልጨርስ እንዴት ደረሽልኝ ብለው ጠየቋት።

«ለዚህ እንኳ ሕግ አላስፈለገኝም ጌታዬ» አለች አንጓች ጭቃዋን እየጠረገች። «አይቻለሁ።»

ተረቴ ተሻገረች፤ የሰማ ጅራቷን ይያዝ።