ሽታው ያወፍራል የተባለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ሆዱን የሚፈራ ጅብ ነበር። ጅብ ሌላውን ሁሉ ሊፈራ ይችላል፤ ሆዱን ግን ከአባቱ የወረሰው ርስቱ ስለሆነ ይወደዋል እንጂ እንዴት ይፈራዋል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አያ ጅቦም ሲወለድ እንዲህ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ከአጥር ነው። በመንጋው ውስጥ ወፍራሙ አያ ጅቦ ነበር። ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፤ ሌሎቹ ቀድመው ደርሰው አጥንት ሲቆረጥሙ እሱ ገና ወገቤን እያለ ይመጣል። ታዲያ አንድ ማለዳ ከአንድ ገበሬ በረት በአጥሩ ሽንቁር ሾልከው ሲወጡ ሁሉም አለፉ፤ እሱ ወገቡ ላይ ሲደርስ ተቀርቅሮ ቀረ። ፊቱ ከውጭ፣ ቂጡ ከውስጥ ሆነ። ገበሬው ከውስጥ በፍልጥ ያወርድበታል፤ ጓደኞቹ ከውጭ ጆሮውን ይዘው ይጎትቱታል። በስንት መከራ ወጣ።

ጅብ መቼም ሲስቅ አያድርስ ነው። «አያ ጅቦ አጥሩን ለብሶት ሊሄድ ነበር!» እያሉ፣ እየወደቁ እየተነሡ፣ ተራራው እስኪያስተጋባ ሳቁበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። በውስጡ ግን አለቀሰ።

«እከሳለሁ!» ብሎ ማለ።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ትንሽ ቀለል ቢል ለዳገቱም ለጉልበቱም ይበጀው ነበር። ክፋቱ፣ ሄዶ ምክር የጠየቀው ቀበሮን መሆኑ ነው።

እመት ቀበሮ ከቀጋው ሥር ተቀምጣ ጅራቷን ታበጥር ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ እንዲህ ሸንቃጣ የሆንሽው እንዴት ነው? እስቲ ምከሪኝ» አላት።

ቀበሮ ከላይ እስከ ታች አየችው። በልቧ የምታሰላው እሱ ካልበላ ስንት ሥጋ እንደሚተርፍ ነበር።

«የአንተ ነገር ከባድ ነው፣ አያ ጅቦ» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «አንተ አንዴ ከበላህ አታቆምም። ደግሞ እንዳንተ ያለውን የሚያወፍረው መብላት ብቻ አይደለም።»

«ሌላ ምን አለ?»

«ሽታው።»

«ሽታው?»

«ሽታው ያወፍራል! ሌሎቹ ሲበሉ አጠገባቸው ከቆምክ ሽታው በአፍንጫህ ገብቶ ሆድህ ላይ ይተኛል። ሲቆረጥሙ መስማትም ደግ አይደለም።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ለእሱ ከዳገት ይብስበታል። «እውነትሽን ነው መሰለኝ» አለ በመጨረሻ። «ሥጋ በሸተተኝ ቁጥር ሆዴ ይንጫጫል።»

«አየህ? እሱኮ እያደገ ነው!»

አያ ጅቦ ደነገጠ። «ድርሻዬስ ታዲያ?» አለ።

የጅቦች ወግ ነበር፤ ከመንጋው አንዱ ለምግብ ሳይመጣ ከቀረ፣ ታሞ ነው ወይም መንገድ ሄዶ ነው ተብሎ ድርሻው ከትልቁ ሾላ ሥር ይቀመጥለታል። ጅብ የማይሰርቀው ነገር ባይኖርም ይህችን ግን አይነካም።

«ድርሻህንማ ለእኔ ተወው» አለች ቀበሮ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። «እንዳትፈተን በየማለዳው አነሣልሃለሁ።»

«ውለታሽን በምን እመልሳለሁ?»

«በመራቅህ» አለችው።

አያ ጅቦም ራቀ። መጀመሪያ ከመንጋው ጥቂት ፈንጠር ብሎ ቆመ፤ ነፋሱ ሽታውን አመጣበት። ወንዙን ተሻገረ፤ አጥንት ሲቆረጠም ተሰማው። በመጨረሻ ከተራራው ጀርባ አንዲት ባዶ ዋሻ አግኝቶ ገባ። እዚያ ሽታ የለም፣ ድምፅ የለም፣ የሚያነጋግረውም የለም።

ጭራሽ አይበላም ማለት አይደለም። ጉንዳን ይልሳል፤ ሣር ይነጫል፤ ከዚያ «በዛ መሰለኝ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲሰጋ ይውላል። ከዋሻው ደጃፍ ቁጭ ብሎ ጥላውን ይመለከታል። ወደ ማታ ጥላው ሲቀጥንና ሲረዝም ደስ ይለዋል፤ ቀትር ላይ አጥሮ ሲድበለበል ይጨንቀዋል፤ ምን በላሁ ብሎም ራሱን ይመረምራል።

ሲመሽ መንጋው ይጠራራል። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይመልሳል፤ እገሌ አለ፣ እገሌ የለም የሚባለው በዚሁ ነው። አያ ጅቦ ጥሪውን ከማዶ ይሰማል። ሊመልስ አፉን ይከፍትና «ሽታው በአፌም ይገባ ይሆናል» ብሎ ወዲያው ይዘጋዋል። መንጋው ይጣራል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጣራል። ከጊዜ በኋላ አንድ ምሽት እሱን መጥራት ተዉ። ያን ምሽት ብቸኝነቱ ከረሃቡ ባሰበት። የፊት እግሮቹን ተንተርሶ፣ የሌሎቹን ስም አንድ በአንድ ሲጠሩ እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው።

ቀበሮ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች። ከንፈሯ በቅባት ወዝቷል።

«ቀለልኩ እንዴ?» ይላታል።

«ትንሽ ይቀርሃል» ትለዋለች። ሁልጊዜ ትንሽ ይቀረዋል።

አንድ ቀን ሲራራ ነጋዴዎች ካደሩበት ሜዳ ላይ ሲያልፍ የተጣለ ነገር አየ። የተበጠሰ ጠፍር፣ አሮጌ ቁርበትና የበሬ ቀንድ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሱም በደንብ አያስታውሰው። ጠፍሩን ዋጠ። ቁርበቱን ሰለቀጠ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ ቀንዱንም ነከሰው፤ ጥርሱ ተሰበረ፤ እሱ ግን አላቆመም። ልቡ ሲመለስ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሜዳው ላይ ተዘርሯል። ሆዱን አመመው። እፍረቱ ደግሞ ከሆዱ ሕመም ባሰ።

ወሬ የማያመልጣት ቀበሮ እየሮጠች መጣች። «አላልኩህም? አንተኮ በጠፍር እንኳ የማትታመን ነህ! ሥጋ ቢሰጡህማ አገር ትጨርስ ነበር!»

እሱም አመናት። የሚያሳዝነው ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንዳኑንም ሣሩንም ተወ።

ጥቂት ሰነባበተና አንድ ረፋድ ላይ፣ አያ ጅቦ ከዋሻው ደጃፍ እንደተኛ፣ ጥንብ አንሳ መጥቶ ፊት ለፊቱ ካለው ድንጋይ ላይ አረፈ። ክንፉን ሰበሰበ፤ አንገቱን ቀበረ። አያ ጅቦ ደስ አለው። ከስንት ጊዜ በኋላ ጠያቂ መጣለት!

«ቤት ለእንግዳ!» አለ በደከመ ድምፅ። «የምጋብዝህ የለኝም እንጂ።»

«ግድ የለም፣ እቆያለሁ» አለ ጥንብ አንሳ።

«ሥራ አላስፈታሁህም?»

«ኧረ ሥራ ላይ ነኝ።»

ወሬ ናፍቆት ስለነበር ስለ አጥሩ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ሽታው ሁሉን አጫወተው። ጥንብ አንሳም እየሰማ አንገቱን ይነቀንቃል። አያ ጅቦን እንዲህ በጥሞና የሰማው ማንም አልነበረም። ቀትር አለፈ። እንግዳው አልሄደም።

«ወዳጄ፣ የምትጠብቀው አለ እንዴ?»

«አዎ።»

«ማንን?»

«አንተን።»

«እኔማ ይኸው አለሁ!»

«ያስቸገረው እሱ ነው» አለ ጥንብ አንሳ በትሕትና። «ቢሆንም አይዞህ፣ አልቸኩልም።»

አያ ጅቦ ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው። ይህ ግን ገባው። ሊሞት ነው፤ ያውም ብቻውን። ከሞቱም በላይ ያስፈራው፣ በዚህች ምድር ላይ እሱን ብሎ የተቀመጠ ይህ አንድ ጥንብ አንሳ ብቻ መሆኑ ነበር።

ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ ከዳው። ያን ጊዜ ሽታው ይግባ አይግባ ሳያስብ አፉን ከፍቶ ጮኸ። ጩኸቱ ከዋሻው ደጅ አላለፈም።

«ባትደክም ይሻልህ ነበር» አለው ጥንብ አንሳ።

ደግሞ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ነፋሱ ድምፁን ተቀብሎ ወደ ማዶ ወሰደለት። ብዙ ከቆየ በኋላ ከማዶ አንድ ያረጀ ድምፅ መለሰ።

የመለሰችው እማማ ዳለቻ ናት፤ የመንጋው አሮጊት። አንድ እግሯ ስለማይረግጥ ዘወትር ከኋላ ትቀራለች፤ ከኋላ የሚቀር ደግሞ ሌላው ያልሰማውን ይሰማል። የፍየል ጭን በአፏ ይዛ ዳገቱን እያነከሰች ወጣች። ጥንብ አንሳን ገርመም ብታደርገው «እንግዲህ ሌላ ቀን» ብሎ ተነሥቶ በረረ።

አያ ጅቦን ስታየው ጭኑ ከአፏ ወደቀ።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው? ድርሻህን በየቀኑ ከሾላው ሥር እናስቀምጥልህ አልነበረም እንዴ?»

«ቀበሮ ታነሣልኝ ነበር» አለ። «እንዳልፈተን ብላ።»

«ቀበሮ?» እማማ ዳለቻ ቁጭ አለች። «እኛማ አንተ የበላኸው መስሎን! ድርሻህን እየበላህ ስንጠራህ ዝም ስትለን፣ ጠልቶናል ብለን ተቀይመን ተውንህ።»

አያ ጅቦ በቀበሮ አልተናደደም፤ ተንኮሏ ገና አልገባውም። የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። በየቀኑ ሲያስቀምጡለት ኖረዋል። እሱን ሲያስብ እንባው ወረደ።

«በል ብላ፣ ልጄ» አለችው ጭኑን ወደ እሱ ገፍታ።

«እፈራለሁ።»

«ማንን?»

«ሥጋውን።»

እማማ ዳለቻ በዕድሜዋ ብዙ አይታለች፤ ሥጋ የሚፈራ ጅብ ግን ገና ማየቷ ነበር። ቢሆንም አልሳቀችም።

«ከጀመርኩ አላቆምም፣ እማማ» አለ አያ ጅቦ። «ጠፍር በልቻለሁ። ቁርበት በልቻለሁ። ቀንድ ነክሼ ጥርሴን ሰብሬያለሁ። እኔ የምታመን አይደለሁም።»

«ቀንዱን የነከስከው ጠግበህ ነው ተርበህ?»

አያ ጅቦ አሰበ። «ተርቤ» አለ።

«ከእኛ ጋር በልተህ በምታድርበት ጊዜ ቀንድ ነክሰህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ታዲያ ያበደው ረሃብህ ነው፣ አንተ ምን አደረግህ? ሆድ ነገ እንደሚያገኝ ካላመነ ዛሬ ያገኘውን ሁሉ ይሰለቅጣል። ነገም እንደምትሰጠው ሲያውቅ ልብ ይገዛል።»

«መክሳት ግን እፈልጋለሁ፣ እማማ።»

«ክሳ! ማን ከለከለህ? ዳገቱም ይቀልሃል። ግን እየበላህ ክሳ። እስኪበቃህ ብላ፣ ሲበቃህ ተነሥ፣ ከእኛ ጋር ውጣ ውረድ። አጽም ከሁላችንም ይቀጥናል፤ ማን ቀናበት?»

ይህን ብላ ከጭኑ ቦጨቀችና አጎረሰችው። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። ከዚያ አንድ ዓይኑን ገልጦ ሆዱን አየ። ሆዱ ባለበት ነው።

«በቃኝ» አለ ቶሎ ብሎ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችና ሁለተኛውን አቀረበችለት።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደው። የመጀመሪያውን ላለመሞት ነው የዋጥኩት ብሎ ራሱን ማታለል ይችላል፤ ሁለተኛው ግን መብላት ነው። እየፈራ ተቀበለ፤ እየፈራ አላመጠ፤ እየፈራ ዋጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሱ ቦጨቀ። ጭኑን ሲያጋምስ ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ቀና ብሎ አሮጊቷን አያት።

«እማማ፣ የጠገብኩ መሰለኝ» አለ እየገረመው።

«እንዴታ! ድሮስ ትጠግብ አልነበር?» አለችው።

ፍርሃቱ በአንድ ቀን አልለቀቀውም። በማግስቱም ፈራ፤ እየፈራም በላ። ቀበሮ ከሾላው ሥር ባዶ መሬት ቢጠብቃት ጅራቷን አበጥራ ሌላ የምትመክረው ፍለጋ ወደ ቆላ ወረደች። አያ ጅቦ ከመንጋው ጋር ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲበቃው ሲነሣ፣ ውሎ አድሮ ቀለል አለ። እንደ ቀበሮ ሸንቃጣ አልሆነም፤ ጅብ መቼ ቀበሮ ይሆናል? ዳገቱን ግን ሳያለከልክ መውጣት ጀመረ።

አንድ ጠዋት መንጋው በሞተ በቅሎ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ሲበላ፣ አጠገቡ ያለው ጅብ ገፋ አደረገውና «አያ ጅቦ፣ ፈቀቅ በል እንጂ፤ ቦታውን ሁሉ ለብቻህ ያዝከው!» አለው። ሁሉም ሳቁ። አያ ጅቦ ማላመጡን አቆመ። ልቡ ደነገጠ፤ እግሩ ወደ ተራራው ጀርባ ዞር ሊል ቃጣው። እማማ ዳለቻ ከማዶ ቀና ብላ አየችው።

አያ ጅቦ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ከዚያ አንገቱን ደፋና የቀረውን ድርሻውን በላ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰውነቱን ማቅለል የሚሻ ሰው ሆዱን እንደ ጠላት ሸሽቶ ብቻውን ከመራብ ይልቅ፣ እየፈራም ቢሆን ከወገኖቹ ጋር ቀርቦ እስኪበቃው መብላት እንደሚሻለው ነው።