የሰፋሪዎቹ ድልድይ

አንድ ንጉሥ ከሕዝባቸው ጥቂቱን መርቀው ባሕር ማዶ አሰፈሩ። ሰፋሪዎቹ ጫካ መንጥረው አረሱ። በየዓመቱ ለንጉሡ ማርና እህል ይልካሉ፤ ያጉረመረመ አልነበረም። ቀጥ ብሎ የበቀለ ዛፍ ሁሉ ግን ለንጉሡ መርከቦች የተከለለ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም።

በበጋም የማይጎድለው ወንዛቸው በአንዱ ክረምት ሞልቶ የሚሻገሩበትን ድልድይ ወሰደው። ቤታቸው ከወዲህ ቀረ። የማሽላው ማሳና ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ከወዲያ ሆነ። ማሽላው ለመድረስ ሦስት ወር ቀርቶታል። ሁለት ረጃጅም ግንዶች ይበቋቸው ነበር። አለቃቸው አባ ሞገሴ ዋና የሚችል መልእክተኛ መርጠው ፈቃድ እንዲጠይቅ ላኩት።

መልእክተኛው በወሩ ተመለሰ። ንጉሡ የወንዙን ስፋት ማወቅ ይፈልጋሉ። ለክተው ላኩ። በሁለተኛው ወር ንጉሡ ጥልቀቱን ጠየቁ። ይህን ጊዜ ዝንጀሮዎች ማሳው ውስጥ ገብተዋል፤ ተሻግሮ የሚያባርር የለም። ሰፋሪዎቹ ጥልቀቱን ልከው፣ ከመካከላችን አንድ ሰው በሸንጎዎ ተቀምጦ ያስረዳልን ሲሉ ለመኑ። ንጉሡ ሳቁ። ልጅ ከአባቱ ሸንጎ አይቀመጥም፤ ይልቅ ዋና ይማሩ አሉ።

መልሱ ሲነበብ አንዲት የአምስት ልጆች እናት መጥረቢያዋን አነሳች።

«ዝንጀሮዎቹስ ማንን አስፈቅደው በሉ?» አለች።

በሳምንቱ ድልድዩ ቆመ። የተረፈው ማሽላ ጎተራ ገባ።

ንጉሡ ሰምተው ጦር ላኩ። አዛዡ መንደሩ መሐል ቆሞ፣ ይህን ድልድይ የሠራ ደፋር ማን እንደሆነ ጠየቀ።

አባ ሞገሴ ዝቅ ብለው እጅ ነሡና «ጌታዬ፣ እርስዎስ በየት ተሻገሩ?» አሉት።

ወታደሮቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አዛዡም ሳቀ። የማሽላ ቂጣ በማር በልቶ፣ በዚያው ድልድይ ተመለሰ። ሰፋሪዎቹ ግን ከዚያ ወዲህ ማርም አልላኩም፣ ፈቃድም አልጠየቁም። ከራሳቸው መካከል ዳኛ መርጠው መተዳደር ጀመሩ።

ንጉሡ አዝነው ጠቢባቸውን ጠሩ። «ለሁለት ግንድ ብለው ካዱኝ?»

«ንጉሥ ሆይ፣» አሉ ጠቢቡ፣ «የተለዩዎት ግንዱን የቆረጡ ዕለት አይደለም። ልመናቸው ተስቆበት የተመለሰ ዕለት ነው።»

ሰው ሸክም ስለከበደው ብቻ አያምፅም። ስለ ገዛ ኑሮው ሲናገር የሚሰማው ሲያጣ ያምፃል። የሚለምነን ሰው ገና ተስፋ ያደርግብናል፤ ዝም ሲል ግን ተስማማ ብለን እንሳሳታለን።

ለመሆኑ ዛሬ ከእናንተ መልስ የሚጠብቅ ማን አለ?