ብቻዋን ያደረችው ዶሮ

ተረት አለኝ ከቆጥ የወረደ፤ ጆሮ ስጡኝ።

እንቁላላቸው ለገበያ በሚሄድ ዶሮዎች ቤት አንዲት አሮጊት ዶሮ ለዓመታት አንድ ጥያቄ ይዛ ኖረች፤ «የታመመችውን ባሞቅን ቁጥር፣ ያሞቅናት እኛ ለምን ተከትለናት እንታመማለን?» ልማዳቸው ነበርና፣ አንዷ ስትስል ሁሉም ከበው በክንፋቸው ያሞቋታል። ጥያቄዋን ስታነሳ ግን «እርጅና ክፉ አደረጋት» ይሏታል።

አንድ ማለዳ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባና አሮጊቷ ራሷ ማሳል ጀመረች። እንደ ልጇ ያሳደገቻት ቄብ፣ ገና እንቁላል ያልጣለችው፣ ክንፏን ዘርግታ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ መጣሁልዎ! ላሙቅዎት።»

«ወዲያ ሂጂ! ላባሽ እንኳ ያልጠና፣ ማን ጠራሽ?»

«ቢቆጡም አልሄድም። እየተንቀጠቀጡ እኮ ነው!»

እውነት ነበር፤ አሮጊቷን በጣም በርዷት ነበር። ትንሿን ክንፍ ለአፍታ አየችና ቄቧን ግንባሯ ላይ አጥብቃ ነቆረቻት። ቄቧ እያለቀሰች ወደ ጓደኞቿ ሸሸች።

«አላልንም? ጨካኝ ናት!» አሉ ዶሮዎቹ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረባት አልነበረም።

አሮጊቷም ብቻዋን ለማደር ወስና ወደ ሩቁ ጥግ ሄደች፤ ሳሉ ሲመጣባት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር።